የአጋም አጥሬ የተቆረጠበት በጋ

ይድረስ ለእናቴ ምትክ፣ ለእትዬ አሰለፈች፤ ወረኢሉ።

እንደምን ከርመዋል እትዬ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ያ በብርድ የሚነሳብዎ የወገብ ሕመምስ ለቀቅ አደረገዎ ወይስ አሁንም ማለዳ ማለዳ ግድግዳ እያስያዘ ነው የሚያስነሳዎት? ጋሽ ሀብተሥላሴ ደህና ናቸው? ዓይናቸውን ሊታከሙ ደሴ እንደሄዱ ሰምቼ ነበር፤ ምን እንደተባሉ ግን የሚነግረኝ አጣሁ። ሚስጥር ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ሰብሃትስ ቁመቱ ከበሩ መቃን ደረሰ ይባላል፤ እውነት ነው? እማማ ኮከብ ዛሬም ኪዳን ሳያደርሱ እህል አይቀምሱም? ላሚቱስ? ላሚቱን የጠየቅኩት ለወግ አይደለም፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ስለ እሷ አንድም ቃል አለመኖሩ አስፈርቶኝ ነው። እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። እኔ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ከስቻለሁ፣ ጠቁሬያለሁ፣ መዳፌም የገበሬ መዳፍ ሆኗል፤ ግን ደህና ነኝ።

በጥር የጻፉት ደብዳቤ የካቲት አጋማሽ ላይ ደርሶኛል። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ንቄ አይደለም፤ የያዝኩት ነገር መጨረሻው እስኪታወቅ ብዬ ነው። «ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፣ ሰባት ዓመት በሰው አገር ምን ጎለተሽ? ዝውውር ጠይቀሽ ግቢ» ብለውኛል። ይባስ ብለው ደግሞ «አገር በድርቅ ሲያልቅ ጓሮ ቆፍራ ለጦጣና ለወፍ ትቀልባለች እየተባለ ሰው ይስቅብሻል» ብለው ጽፈዋል። ይህን ወሬ ያደረሰዎ ማን እንደሆነ አላጣሁትም። በታኅሣሥ ለሥራ መጥቶ እኔ ቤት ሰንብቶ የሄደው የአክስታችን ልጅ ነው። የተኛበት አልጋ ሳይቀዘቅዝ ሐማኝ!

መልሴን አላዞርም። እትዬ፣ አልመጣም። ለምን እንደማልመጣ ግን ከእኔ ከራሴ ይስሙት።

ቦንጋ ሳስተምር የኖርኩበት የቀበሌ ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ከቤቱ ግቢው ይሰፋል። ስገባበት የአካባቢው ሰው ጥራጊ የሚደፋበት ነበር። ያቀናሁት እኔ ነኝ፤ እጄን ይዘው ያስተማሩኝ ግን ጎረቤቴ እማማ ዓባይነሽ ናቸው። እማማ ማንኪራ ጫካ ውስጥ የተወለዱ የካፋ ሴት ናቸው። አማርኛውን የተማሩት ካደጉ በኋላ ስለሆነ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጉታል፤ እኔን ሰባት ዓመት ሙሉ «አንተ» ሲሉኝ ኖረዋል፤ እኔም «አቤት» እላለሁ። የመጀመሪያው ትምህርታቸው «አንተ ልጅ፣ መሬቱን ራቁት አታሳድር» የሚል ነበር። የእንሰት ቅጠል፣ የረገፈ ቅጠል፣ ገለባ፣ የተገኘውን ሁሉ ከሥር ጎዘጎዝን። ከቤቱ ጀርባ እንሰት፣ በእንሰቱ ጥላ ጎደሬና ኮረሪማ፣ ከዚያ ወዲህ በነባሩ ዋንዛ ሥር ጥቂት ቡና፣ በክፍቱ ቦታ ጎመንና በቆሎ ተከልን። በመንገዱ በኩል አጋምና ቀጋ ከግራዋ ጋር ቀላቅዬ ሠላሳ እርምጃ ያህል አጥር አሳደግሁ፤ በድንጋዩ ዳር ሬት ተከልኩ። ግራዋና ሬት የሚያብቡት በበጋ ነው። ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ንብ ወደ እነሱ ትመጣለች።

ታዲያ ባለፈው ጥቅምት በየቤቱ አንድ ወረቀት ታደለ። በመጋቢት ከክልል እንግዶች ለልምድ ልውውጥ ስለሚመጡ በዋናው መንገድ ዳር ያለ ግቢ ሁሉ ሞዴል ግቢ እንዲሆን ያዛል። ሞዴል ግቢ ማለት ቁጥቋጦው ተመንጥሮ፣ አጥሩ ወርዶ፣ ድንጋዩ ኖራ ተቀብቶ፣ መሐሉ ላይ ሣር የተተከለበት ማለት ነው። የሚተከለው ሣር እንኳ ከሩቅ በመኪና ተጭኖ መጣ። በሣር አገር!

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደምመላሽ የሚባል እኩያዬ የሆነ ሰው ነው። አያቱ ከሰሜን በሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። ቢሮው ሄጄ አጋሙ ምን በደለ አልኩት። «እባብ ይደብቃል፣ ጦጣ ይጠራል፣ ለእንግዳም ዓይን አያምርም» አለኝ። «እንግዳው አንድ ቀን አይቶት ይሄዳል፤ ዓመቱን ሙሉ የማየው እኔ ነኝ» ብዬው ወጣሁ። ጎረቤቶቼ መነጠሩ። አልፈርድባቸውም፤ የቀበሌ ቤት ውስጥ እየኖሩ ቀበሌን እምቢ ማለት ቀላል አይደለም። እኔ ግን አንዲት ቅርንጫፍ አልቆረጥኩም።

ከዚያ ሰማዩ ተዘጋ። ለወረኢሉ ሰው ስለ ድርቅ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት እንደሆነ አውቃለሁ እትዬ፤ ይቅር ይበሉኝ። ይሁን እንጂ ካፋ በጋ ክረምት ዝናብ የማይለየው፣ ሰው ጃንጥላውን ከእጁ የማይለይበት አገር ነው። ዘንድሮ ከኅዳር ጀምሮ ጠብ አላለም። የካቲት ሲገባ ይመጣል የተባለው ዝናብም ቀረ። ምንጩ ቀጠነ፤ ቦኖው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይከፈት ጀመር፤ ለአንድ ቤት ሁለት ጄሪካን ብቻ ሆነ። ያ በመኪና የመጣው ሣር ከገና በፊት ገለባ መሰለ።

እናታችን ቃሪያ መደቧ መሐል አንገቱ የተሰበረ ገንቦ ትቀብር እንደነበር ያስታውሳሉ? እኔ አልረሳሁትም። ከገበያ ሸክላ ሠሪዎቹ ለመጣል ያዘጋጁትን አንገት የለሽ ገንቦ ለምኜ ዘጠኝ አመጣሁና በየተክሉ መሐል እስከ አፉ ቀበርኩት። በሳምንት አንዴ እሞላውና አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ እከድነዋለሁ። ሸክላው ላብ እንደሚያልበው ሰው ቀስ እያለ ያረጥባል፤ ሥሩ ራሱ ፈልጎ መጥቶ ይጠጣል፤ ፀሐይ አንዲት ጠብታ አትቀማውም። እማማ ዓባይነሽ የመጀመሪያውን ስቀብር ደርሰው «ማንን ነው የምትቀብረው?» ብለው አማተቡ። እህል ያጠብኩበት፣ ፊቴን የታጠብኩበት፣ ሁሉም ወደ እንሰቱ ሥር ይሄዳል። ለወፎቹና ለንቦቹ ደግሞ በአሮጌ ሳህን ትንሽ ውኃ አኖርኩ፤ ንቦቹ እንዳይሰምጡ መሐሉን ጠጠር ሞላሁት።

እንግዲህ የሣቁብኝ ሰዎች የሚሉት እውነት ነው፤ ለጦጣ ቀልቤያለሁ። ጫካው ሲደርቅባቸው ከተማ ወረዱ። ጉሬዛዎቹ ከበላዬ ዋንዛው ላይ ነጭ ጅራታቸውን አንዘርፍፈው ይውላሉ። አንዲት ጦጣ ልጇን ሆዷ ላይ ለጥፋ እየመጣች የበቆሎዬን ግማሽ ጨርሳለች። አንድ ቀን ድንጋይ አንስቼባት ነበር፤ ልጁ ቀና ብሎ ሲያየኝ ድንጋዩን መልሼ አስቀመጥኩት። በሌላ ወገን ደግሞ የሰው ጎመን ሁሉ በትል ወንፊት ሲሆን የእኔን ወፎቹ ሲለቅሙልኝ ከረሙ። በሰፈሩ አረንጓዴ ጎመን የቀረው እኔ ጓሮ ነበር፤ ከቆረጥኩትም ብቻዬን አልበላሁም።

በታኅሣሥ ትምህርት ቤት ግምገማ ተደረገና ስሜ ተነሳ። የማስተማር ጉድለት አልተገኘብኝም፤ የተገኘብኝ የአመለካከት ችግር ነው። አንዱ ተነስቶ «መምህርት ወሰንየለሽ ልማት ትጠላለች፣ ጫካ ትናፍቃለች» አለ። ሂሴን እንድውጥ ተጠየቅኩ። ነገር ግን ተነሳሁና «ልማት ማለት የለማውን ነቅሎ የማይለማውን መትከል ከሆነ አዎን፣ እጠላለሁ፤ ይመዝገብልኝ» አልኩ። ጸሐፊው እውነት መስሎት መዘገበው።

የካቲት ሃያ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጥሬ መሬት ላይ ተጋድሟል። አራት ሰዎች በገጀራ ከእግሩ ቆርጠውታል። ግራዋው አበባው ላይ ነበር፤ ንቦቹ በወደቀው ቅርንጫፍ ላይ ይዞሩ ነበር። እማማ ዓባይነሽ ቆራጮቹን ሲለምኑ፣ ሲረግሙ ውለው ድምፃቸው ተዘግቷል። ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ይህን የምነግረው ለእናንተ ብቻ ነው። ከዚያ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ደምመላሽ ቅርንጫፉን የሚጭን መኪና ሊያመጣ ሄዶ ነበር። እሱ እስኪመለስ እኔና እማማ እሾሁ እጃችንን እየቧጨረን የተቆረጠውን ሁሉ በጉቶዎቹ ላይ መልሰን ከመርነው። ሲመለስ «ይህን አንሺ» አለኝ። «ቁረጡ ተባላችሁ ቆረጣችሁ። የተቆረጠው የእኔ ማገዶ ነው፤ ማገዶዬን የት እንደማስቀምጥ መመሪያ አለህ?» አልኩት። ወረቀቱን ገልብጦ አየና ሄደ። ያ ክምር ጉቶውን ከፀሐይ ጋረደልኝ፤ ወፎቹም ክምሩ ውስጥ ገቡ።

እንግዶቹ መጋቢት አሥራ ስምንት ሊገቡ ዋዜማው ላይ ቦኖው ተዘጋ። ሴቱ ሁሉ ጄሪካኑን ደርድሮ ሲጠብቅ ውኃ የጫነ ቦቴ መጣና በመንገዱ ዳር እየሄደ የደረቀውን ሣር ያጠጣ ጀመር። ያኔ ደሜ ፈላ። ፊቱ ቆሜ ሹፌሩን «ወንድሜ፣ የጠማው ሣሩ ነው ወይስ ሰው?» አልኩት። ሰውየው ራሱን አከከ፤ ግራ ቀኝ አየ። «እኔ የታዘዝኩት መንገድ ዳር አፍስስ ተብዬ ነው፤ እናንተም ያላችሁት መንገድ ዳር ነው» አለና ቱቦውን ወደ ጄሪካኑ አዞረው። እልልታው እስከ ቀበሌው ተሰማ። አንዲት አራስ ጄሪካን ቢቸግራት የልጇን መታጠቢያ ሳፋ ይዛ መጣች።

በማግሥቱ ማለዳ የቀበሌው ሰዎች መፈክር የተጻፈበት ሰፊ ጨርቅ አምጥተው በተቆረጠው አጥሬ ፊት ከዳር እስከ ዳር ዘረጉት። ግቢዬ እንዳይታይ ነው። እንግዶቹ በኖራው ድንጋይ መሐል እያለፉ መጡ። አንዲት ጠና ያሉ፣ ባርኔጣ ያደረጉ የእርሻ ባለሙያ እኔ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ከተማው ሁሉ ጭጭ ብሎ እዚህ ብቻ ወፍ የሚንጫጫው ምን አለ?» አሉና ጨርቁን ገለጥ አድርገው ገቡ። ክምሩን አንስተው ሲያዩ አጋሙ ዝናብ ሳያገኝ ከጉቶው ቀይ ቡቃያ አውጥቷል። ገንቦዎቹን እየከፈቱ አዩ፤ ከጉዝጓዙ በታች እጃቸውን ከትተው እርጥበቱን ዳሰሱ። ከዚያ «ይህን የሠራው ማነው?» ብለው ጠየቁ። አፌን ሳልከፍት ደምመላሽ ቀደመኝ፤ «ቀበሌያችን በሞዴልነት የያዘው ጓሮ ነው» አለ። ሴትየዋ የእኔን የሻከረ እጅ አዩ፣ የእሱን እጅ አዩ። ከዚያ ማስታወሻቸው ላይ ብዙ ጻፉ።

በሳምንቱ ደምመላሽ ሦስት ገጽ ሪፖርት ይዞ ቤቴ መጣ። ጓሮው በቀበሌው አመራርና ድጋፍ እንደለማ፣ እኔም ምስጋናዬን እንደማቀርብ ተጽፏል። ከሥሩ የእኔ ፊርማ ብቻ ቀርቷል። «አጥሩን የቆረጠው ቀበሌው ነው የሚል መስመር ጨምርበትና እፈርማለሁ» አልኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፤ ኋላ ድምፁ ተሰበረ። «እኔም ከላይ የሚጠይቀኝ አለ፤ አራት ልጆች አሉኝ፤ ምን ይጎዳሻል?» አለኝ። አሳዘነኝ። ሻይ አፍልቼ አጠጣሁት። አልፈረምኩም።

ወደ ሌላ የካፋ ከተማ የሚወስደኝ የዝውውር ደብዳቤ በሚያዝያ መጀመሪያ መጣ፤ ከፋሲካ በኋላ ሺሺንዳ ገብተሽ አስተምሪ፣ የቀበሌውን ቤት በሦስት ቀን ውስጥ አስረክቢ የሚል ነው። ጓሮው ከነሞዴልነቱ ለቀበሌው ሊቀር ነው ማለት ነው። ደብዳቤውን ለእማማ ዓባይነሽ ሳነብላቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «አንተ፣ የእንሰት ችግኝ ሲፈላ ምን ይደረጋል?» አሉኝ። «ተነቅሎ ይተከላል» አልኩ። «እንግዲያስ ምን ያስለቅስሃል?» ብለው ተነስተው ወጡ።

እሑድ ሚያዝያ አምስት ከቅዳሴ መልስ አሥራ አንድ ሴቶች ዶማቸውን ይዘው ገቡ። ቦኖው ላይ አብረውኝ የተሰለፉት ናቸው፤ ያቺ አራስም አለችበት፤ ልጇን አዝላለች። እንሰቱን ከነግንዱ፣ ጎደሬውን ከነሥሩ፣ ኮረሪማውን፣ ሬቱን እየነቀልን አካፈልን። ገንቦዎቹን አወጣናቸው። ዋንዛውን፣ ቡናውንና የአጋሙን ጉቶ አልነካንም፤ ለወፎቹ፣ ለጉሬዛዎቹና ለንቦቹ ይቁም ብለን ተውነው። ከዚያ ሴቶቹ እንሰታቸውን ተሸክመው በዋናው መንገድ ወጡ። ቢያዩዋቸው እትዬ! ከሩቅ ለሚያይ ቅጠሉ ብቻ ስለሚታይ ጓሮ በእግሩ የሚሄድ ይመስል ነበር። በቀበሌው ቢሮ ደጅ አለፉ። በዚያ መንገድ ማለፍ የግድ አልነበረም፤ ግን አለፉ።

ደምመላሽ ሮብ ዕለት ከኮሚቴው ጋር ቤቱን ሊረከብ መጣ። ወደ ጓሮ ዞረና ጉድጓዶቹን አየ። «ሞዴሉ የት ሄደ?» አለኝ። «እንደ እኔ ዝውውር ደርሶት ሄዷል፤ አሥራ አንድ ግቢ ገብቷል፤ ልምድ መለዋወጥ ከፈለግህ እየዞርክ ተመልከተው» አልኩት። ከኮሚቴው አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ወረደ። እማማ በሰው እንደላኩብኝ ከተተከለው እንሰት የሞተው ሁለት ብቻ ነው።

አሁን ሺሺንዳ ነኝ። የሰጡኝ ክፍል ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለች አንዲት ቤት ናት፤ ፊቷ ፍየል የጋጠው ጠጠራም ሜዳ ነው። ርእሰ መምህሩ ጥሩ ሰው ናቸው፤ «መምህርት፣ እዚህ ምንም አይበቅልም፤ አትልፊ» አሉኝ። ዶማ እንዲያበድሩኝ ለመንኳቸው። እስከ ትናንት ድረስ ሰባት ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ፤ ዳር ዳሩን አጋም ተክያለሁ። ከዚህም ካዛወሩኝ በሚቀጥለው ቦታ እቆፍራለሁ። ደክመው ይተዉኝ እንደሆን እንጂ ደክሜ አልተውላቸውም።

ስለዚህ እትዬ፣ ለእኔ ብለው አይዘኑ። ይልቅ እናንተ ዘንድ ነገሩ ከከፋ ለክረምት ሚስጥርን ይላኩልኝ። እዚህ ትማራለች፤ ቆጮውን መጀመሪያ ፊቷን ታጨማድድበት ይሆናል፣ በሳምንቷ ትለምደዋለች። ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ መምህር ሰሚር የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ የደሴ ልጅ ነው፤ አደራ፣ ሳይበላ አይሄድብዎ። በቅል ያለው የማንኪራ ማር ለጋሽ ሀብተሥላሴ ነው፤ የታሰረው ኮረሪማ ለእርስዎ ነው።

ጋሽ ሀብተሥላሴን ዓይናቸውን ይማርልኝ ይበሉልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ሚስጥር ጮክ ብላ ታንብብላቸው። እማማ ኮከብን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ፤ በጸሎታቸው አይርሱኝ። ሚስጥርን ሁለት ጉንጯን፣ ሰብሃትን ግንባሩን፤ ከደረስኩበት። ላሚቱ ካለች ግንባሯን ይዳብሱልኝ፤ ከሌለችም ደብቀው አያቆዩኝ፣ ይጻፉልኝ። ከደጅዎ የሚያልፉትን ጎረቤቶች ሁሉ፣ የሣቁብኝንም ጭምር፣ ሰላም ይበሉልኝ።

ናፍቀውኛል እትዬ፤ ስምዎን ስጽፍ እንኳ ዓይኔ ይሞላል። እኔም ከናፈቅኩዎት ግን ተነስተው ይምጡ፤ መኪናው ወደዚህም ይመጣል።

ልጅዎም እህትዎም የሆንኩት፣
ወሰንየለሽ

ሺሺንዳ፣ ካፋ
ሚያዝያ 24 ቀን 1995 ዓ.ም.